ለብረት ወርክሾፕ የደህንነት መከላከያ ልገዛ ነው፤ ዝርዝሩን ከምን ልጀምር?

የስቶሯ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የብረት በር፣ መስኮትና መደርደሪያ በሚያመርት ወርክሾፕ ነው። ስቶሩም ግዢውም በእኔ እጅ ነው። ሰሞኑን ሥራ አስኪያጃችን "ለሠራተኛው በሙሉ የደህንነት መከላከያ እንግዛ፤ ዝርዝር አዘጋጂ" አለኝ። እሰየው ነው ያልኩት። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ግራይንደር ሲይዙ ባየሁ ቁጥር ክው ነው የምለው።

መቁረጫ፣ ትራፓኖ (ብረት መብሻ ማሽን)፣ ብየዳና ቀለም የሚረጭበት ክፍል አለን። እኔ ያሰብኩት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ ሄልሜት፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ መነጽር፣ የአቧራ ማስክና ሴፍቲ ጫማ። እኩል ከሆነ ማንም ቅር አይለውም ብዬ። አንዷ ጓደኛዬ ግን "የአደጋ ግምገማ ሳይሠራ ዕቃ አይገዛም" አለችኝ። ግምገማው እንዴት ነው የሚሠራው? የግድ ባለሙያ መጥራት አለብን?

ሴፍቲ ላይ የምሠራው፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። የእኔ ሥራ ፋብሪካና ወርክሾፕ እየዞሩ ይህንኑ ግምገማ መሥራት ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ማደል ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ሰው ይጎዳል። ትራፓኖውን ውሰጂ። የቆዳ ጓንት ያጠለቀ ሰው እጁን ወደሚሽከረከረው መሰርሰሪያ ሲያስጠጋ መጀመሪያ የሚያዘው የጓንቱ ጫፍ ነው። ጓንቱ ጠንካራ ስለሆነ አይበጠስም። ይጠመጠምና ጣቱን፣ ቀጥሎም እጁን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ትራፓኖ ላይ ጓንት አይደረግም። የሚበሳው ብረት በሞርሳ ይታሰራል፤ ፍቅፋቂው በብሩሽ ይጠረጋል፤ ልቅ እጅጌ ይሰበሰባል። በቃ።

አሁን ወደ ግምገማው። ቢሮ ቁጭ ብለሽ ቅጽ አትሙዪ። ወርደሽ አንድ ሥራ ምረጪ፤ ላሜራ መቁረጥ ይሁን። ላሜራው ከተደረደረበት ከሚነሣበት ጀምሮ ተቆርጦ እስኪራገፍ ድረስ ቆመሽ ተከታተዪ። ምን ይፈናጠራል? ምን ይወድቃል? ምን ይቆርጣል፣ ምን ያቃጥላል? ምን ይዞ ይጎትታል? በአፍንጫ ምን ይገባል? ከዚያ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እያልሽ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚጋለጥ ጻፊ። ዲስክ ሲቀየር፣ ማሽን ሲጸዳና ሲጠገን ያለውንም አትዝለዪ። ሰው የሚዘናጋው እዚያ ላይ ነው።

የሠራተኛውን ቱታ ቀረብ ብለሽ እዪው። ግራይንደር የሚይዝ ሰው ቱታ ደረቱና ጭኑ አካባቢ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። ፍንጣሪው ወዴት እንደሚሄድ ከማንም በላይ እሱ ይነግርሻል። ቀዳዳው አንገትጌው ጋ ከደረሰ ፊቱም እየተመታ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥኑንም ክፈቺ፤ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ፕላስተር ነው ወይስ የቃጠሎ ቅባት? ሠራተኞቹንም አናግሪ። "ለጥቂት ነው የተረፍኩት" የሚሉት ታሪክ የትም መዝገብ ላይ አይገኝም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ብዬ ነው የምከራከረው። መከላከያ ዕቃ የመጨረሻው መስመር ነው። ከእሱ በፊት አደጋውን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካልተቻለ በሌላ መተካት፤ እሱም ካልሆነ በመከለያ ወይም በአየር ማውጫ ማራቅ። ግራይንደሩ ላይ መከለያው ተፈትቶ ከሆነ መነጽር ከመግዛትሽ በፊት መከለያው ይመለስ። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ፍጥነት ከማሽኑ ከፍተኛ ፍጥነት ካነሰ ዲስኩ ተሰባብሮ ሊበር ይችላል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ከስቶር አታውጪላቸው። ይህ ያንቺ ሥልጣን ነው። መነጽሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል፣ በላዩ ላይም የፊት ሺልድ። ሺልድ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር በኩል ፍንጣሪ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቀለም ክፍላችሁ ነው። ኤን95 የሚባለው ማስክ ከብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል። የቲነር ትነት ግን ብናኝ አይደለም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ሠራተኛው "ማስክ አድርጌያለሁ" ብሎ ተረጋግቶ ቀኑን ሙሉ ቲነር ይስባል። የሚያስፈልገው ፊት ላይ ግጥም የሚል የጎማ ማስክ ነው፤ ትነቱን የሚይዝ ካርትሪጅ፣ ከፊቱ ደግሞ የቀለሙን ብናኝ የሚያስቀር ፊልተር ያለው። ካርትሪጅ ያልቃል። ሥራ ሲያበቃ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ፤ የተከፈተበትና የሚቀየርበት ቀን ይጻፍበት። ሽታ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። ሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚረጭ ቀለም ከሆነ ደግሞ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ሊኖርበት ይችላል። እሱ አስም ያስይዛል፤ ሽታውን ተማምኖ መጠንቀቅ አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው።

ይህን የት አገኘዋለሁ ካልሽ፣ የቀለሙን ሴፍቲ ዳታ ሺት፣ ማለትም የደህንነት መረጃ ወረቀቱን፣ ከሻጩ ጠይቂ። 16 ክፍሎች አሉት። ክፍል 8 በቀጥታ ስለ መከላከያ ነው፤ የጓንቱን ዓይነት ጭምር ይነግርሻል። የቆዳ ጓንት ቲነሩን ጠጥቶ እጅ ላይ ያቆየዋል፤ ለቀለም ክፍል አይሆንም።

ጩኸት ዝርዝርሽ ውስጥ የለም። መቁረጫው ሲሠራ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅሽን ከፍ ማድረግ ካስፈለገሽ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። 85 ላይ በቀን መቆየት የሚቻለው 8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። የጆሮ መሰኪያ ጨምሪ።

ባለሙያ ያልሽው፣ ለአብዛኛው ነገር አንቺና ፎርማኑ ትበቃላችሁ። ጩኸቱንና የቀለም ክፍሉን አየር በመሣሪያ ለመለካት ግን ባለሙያ ይጠራ።

በያጁ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ከሚለብሰው ሰው ወገን ልጨምር።

ለኤሌክትሪክ ብየዳ የጭንብሉ መስታወት የጥቁረት ቁጥር እንደ አምፔሩ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ነው። ጥቁር የፀሐይ መነጽር ምንም አይሠራም። ሰው የሚረሳው ደግሞ ረዳቱን ነው። ብረት የሚይዝልኝ ልጅ ፊቱን ዞር አድርጎ ይቆማል፤ ብርሃኑ ከግድግዳ ተመልሶ ያገኘዋል። ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ ያለቅሳል። ረዳቱም ጭንብል ይኑረው፣ በዙሪያው ለሚያልፈውም መጋረጃ ይሠራ። ልብስ ላይ ፖሊስተር አትግዢ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ወፍራም ጥጥ ይሻላል። ሱሪው ከጫማው በላይ ይውረድ፤ ጫማ ውስጥ ከተከተተ ፍንጣሪው ተንሸራቶ ይገባል።

ጋልቫናይዝድ ብረት የምትበይዱ ከሆነ የሚበየደው ቦታ ላይ ያለው ዚንክ አስቀድሞ ይነሣ። ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል።

ደግሞ እባክሽ ሁሉንም በአንድ ሳይዝ አትግዢ። ጓንቱ ከሰፋኝ ፒንሳውን መያዝ አልችልም፣ አውልቄ ነው የምሠራው። መነጽሩ ጉም ከያዘም ግንባሬ ላይ ነው የሚውለው። ሁለት ሦስት ዓይነት ናሙና አምጪና ለአንድ ሳምንት ያስሞክሩን በያቸው። የምንለብሰውን እኛ እንምረጥ።

የስቶሯ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ዛሬ ወርጄ መቁረጫው ጋ ቆምኩ። ትልቁን ላሜራ ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። አንደኛው ጓንት ነበረው፤ መዳፉ ላይ ግን ተሰንጥቋል። ጠርዙ ነው አሉኝ። ለካ ያ ጓንት የብየዳ ነው፤ ለስለት የተሠራ አይደለም። የተዘጋጀውን ወረቀት ለሥራ አስኪያጁ ሳሳየው ደግሞ "ጥሩ ነው፣ ግማሹን ከደመወዛቸው እንቆርጣለን" አለ። ይህ ነገር ትክክል ነው? ሌላው ጥያቄዬ፦ ቀለም የሚረጨው ልጅ ጺሙ ረዥም ነው፤ ማስኩ ይሆነዋል? ሄልሜትስ ይቅር?

ሴፍቲ ላይ የምሠራው፦

ጎበዝ! ያ የተሰነጠቀ ጓንት ከብዙ ቅጽ ይበልጣል። ለላሜራ ጓንት ስትገዢ ኢኤን 388 የሚል የአውሮፓ የጓንት ደረጃ ምልክት ፈልጊ። ከሥሩ አራት ቁጥሮች፣ ከዚያ አንድ ፊደል ይኖራል። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል መፋቅን፣ መቆረጥን፣ መቀደድንና መበሳትን ምን ያህል እንደሚችል ይናገራሉ። ለአንቺ ዋናው በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው ነው፤ የስለት መቋቋሚያ ነው፣ ከኤ ጀምሮ እስከ ኤፍ ይጠነክራል። ኤክስ ካየሽ አልተሞከረም ማለት ነው።

ሄልሜት፣ ከላይ የሚወድቅ ወይም ጭንቅላት የሚመታ ነገር ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ከከፍተኛ መደርደሪያ ብረት የሚያወርዱት ያድርጉ፤ ቀለም የሚረጨው ምን ያደርግለታል? ጫማው ግን ብረት ለሚሸከም ሁሉ ይሁን። ጫፉ 200 ጁል የሚችለውን ውሰጂ፤ 20 ኪሎ ብረት ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚያሳርፈው ጉልበት ያህል ነው።

ጺሙ፣ አይሆንም። የጎማው ጠርዝ የተላጨ ቆዳ ላይ ካላረፈ አየሩ በጎን ይገባል። ልጁ መላጨት የማይፈልግ ከሆነ አታስገድጂው፤ የራሱ ፋን ያለው፣ ጭንቅላትን በሙሉ የሚሸፍን ማስክ አለ። ውድ ነው፣ ግን ይሠራል። ለእናንተ ቀለም የሚሆን መሆኑን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

የደመወዙ ነገር በጣም ነው ያናደደኝ። የዓለም ሥራ ድርጅት የ1981 ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 21 የደህንነት እርምጃ ሠራተኛውን ምንም ወጪ ማስወጣት እንደሌለበት ይላል። ይህን አሳዪው፤ ያገራችሁ የሥራ ሕግ የሚለውንም አብረሽ ያዢ። ሰው የከፈለበትን ጓንት ቢቀደድም አይጥልም፣ ሰፍቶ ነው የሚለብሰው። ይህንንም ንገሪው።

ወረቀቱ ላይ ሥራውን፣ አደጋውን፣ የሚጋለጠውን የሰውነት ክፍል፣ የተመረጠውን መፍትሔ፣ የገመገመውን ሰው ስምና ቀኑን አስፍሪ። አዲስ ማሽን ወይም አዲስ ቀለም ሲገባ እንደገና ይታያል። አሁን የቀለሙን ቆርቆሮ ጀርባ አንብቢና ውስጡ ያለውን ነገር ስም እዚህ ጻፊልኝ፤ ካርትሪጁን አብረን እንመርጣለን። እስከዚያ ማንም እዚያ ክፍል ውስጥ በአቧራ ማስክ እንዳይረጭ።