ለስኳር ታማሚ አባቴ ቅመም ሻይ፦ ያለ ስኳር እንዴት ይጠጣል?

የመሐል ሜዳው

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። አባቴ ስኳር እንዳለበት ባለፈው ክረምት ተነግሮት ኪኒን ጀምሯል። በምግቡ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ተቀብሎናል፤ ጠላውንም ትቷል። ሻዩ ላይ ግን አልሆነልንም። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሻዩን ይጠብቃል። የለመደው ደግሞ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ሳይሟሟ ተኝቶ የሚታየውን ነው። አሁን ያለ ስኳር ስናቀርብለት አንዴ ፉት ይልና ገፋ ያደርገዋል። ክፉ አይናገርም፣ ዝም ነው የሚለው። እናቴ ይህን ስታይ አንጀቷ አይችልም፤ እኛ ዞር ስንል አንድ ማንኪያ ጣል ታደርግለታለች።

እኛ ቤት ውሃው፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ አንድ ላይ ብራድ ውስጥ ይገባና እስኪጠቁር ይንተከተካል። ቅመሙን ብናበዛው ይሻል ይሆን? ስኳሩን በማር ብንተካውስ? ሕንዶች በወተት የሚያፈሉት ቅመም ሻይ አለ ይባላል፤ እሱስ ያለ ስኳር ይሆናል? አባቴ ጿሚ ስለሆነ የጥቁሩን አስቀድሙልኝ። የምታውቁ እባካችሁ።

ሻይ ቤት ጠባሴ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አባትህን ይማርልህ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሻይ ቤት አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከሚመጡት ደንበኞቼ ስኳር የተከለከሉ ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ ብራዱ ለብቻው ነው። የምነግርህ በየቀኑ የማፈላውን ነው።

አባትህ ገፋ የሚያደርገው ምሬቱን ነው። ቅጠሉ ከቅመሙ ጋር እስኪጠቁር ሲንተከተክ ይመራል፣ ምላስ ይይዛል። ይህን ስኳሩ ሸፍኖት ኖረ፤ ስኳሩ ሲነሳ ምሬቱ ራቁቱን ቀረ። ስለዚህ ሌላ ማጣፈጫ ከመፈለግህ በፊት ቅመሙንና ቅጠሉን ለያያቸው። ቅመሙ ብዙ ይፍላ፣ ቅጠሉ ጥቂት ይቆይ።

እኔ ለአራት ብርጭቆ ሻይ አምስት ብርጭቆ ውሃ እለካለሁ፤ አንዱ በፍላት ያልቃል። ጣት የሚያህል ቀረፋ ሰበር አድርጌ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ሄል፣ አውራ ጣት የማይሞላ እርጥብ ዝንጅብል ጨቅጨቅ አድርጌ እጨምራለሁ። ሄሉ ሙቀጫ ውስጥ አንዴ መታ ተደርጎ ከተከፈተ ይበቃዋል፤ ከደቀቀ ሻዩን ያደፈርሰዋል። ቅርንፉድ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ አላሳልፍም። ቅርንፉድ ሲበዛ ራሱ ይመራል፣ ምላስም ያደነዝዛል፤ ስኳር በሌለበት ደግሞ የሚደብቀው የለም። «ቅመሙን ብናበዛው» ላልከው መልሴ ይኸው ነው፦ ቀረፋውንና ሄሉን አብዛ፣ ቅርንፉዱን ቀንስ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው እንስላል ነው። ፍሬውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርግበት። እንስላል ብቻውን ሲታኘክ እንኳ ጣፈጥ የሚል ነገር አለው፤ ስኳር ሳይገባ ምላስን ያባብላል። የእኔ ስኳር የተከለከሉ ደንበኞች መጀመሪያ «ምን ጨመርሽበት?» ያሉኝ በእሱ ነው።

አሁን ሰዓቱን ልንገርህ፣ ለእኛ አገር ዋናው እሱ ስለሆነ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነች፤ መሐል ሜዳ ከእኛም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ገደማ ይፈላል። ብራዱ ሲንተከተክ አይተህ «ደረሰ» አትበል። ቀረፋ ቅርፊት ነው፣ የያዘውን የሚለቀው በዝግታ ነው። እኔ ከድኜ በቀዝቃዛ እሳት 15 እስከ 20 ደቂቃ እተወዋለሁ። ውሃው ቀላ ሲልና ሽታው ከክዳኑ አልፎ ሲመጣ ከእሳት አወርዳለሁ።

ቅጠሉ የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው። ለአራት ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፤ የውሽውሽም ይሁን የጉመሮ ቅጠል ቀለም ለመስጠት አይሰንፍም። ሦስት ደቂቃ ከድነህ ቆይና ወዲያው አጥልለው። ቅጠሉ ብራድ ውስጥ ከዋለ ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው። አባትህ ሁለተኛ የሚደግሙ ከሆነ የተጠለለውን ፔርሙዝ ውስጥ አድርግላቸው እንጂ አታሙቀው። አንዳንድ ደንበኛዬ ምሬቱን ያስታግሳል ብሎ ቁንጥር ጨው ያስጨምራል፤ እውነትም ያስታግሳል።

ደግሞ የመንዝ ሰው ጦስኝ አያጣም። ጦስኝ ከቀረፋው ጋር አይቀቀልም፣ ሽታው በኖ ይጠፋል፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚነከረው። ለማታ ሻይ ቅጠሉን ተወውና በጦስኝ ብቻ ስጣቸው፣ እንቅልፍም አይነሳቸውም።

እናትህን ግን አትቆጣት። ብራዱን ለእሷ ተውላት፤ የትኛው ቅመም ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንደሚል እሷ ትወስን። ለአርባ ለሃምሳ ዓመት ያጠጣችው እጅ ነው የሚያውቀው።

ቆለኛው ከሸዋ ሮቢት

እትዬ ያሉት ለደጋ ልክ ነው፤ ቆላ ያለ ሰው ግን ደቂቃውን እንዳለ እንዳይወስደው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃችን ሲፈላ ከ95 ዲግሪ ያልፋል። ቀረፋ እዚህ 20 ደቂቃ ሲቀቀል ሙጫ ሙጫ የሚል ነገር ያወጣል፣ ሻዩ ይወፍራል። እኛ ቤት 10 ደቂቃ ነው። በሙቀቱ ጊዜ ቅመሙን አፍልተን፣ ቅጠሉን ነክረን አጥልለን እናቀዘቅዘውና ሎሚ እንጨምቅበታለን። ሎሚ ሲገባ የሻዩ ቀለም ወዲያው ይፈካል፣ አትደንግጡ። ጉምዛዜው ስኳሩን ያስረሳል። ወተት ባለበት ግን ሎሚ አይታሰብም።

ነርስ ከደብረ ሲና

የመሐል ሜዳው ወንድሜ፣ ሙያዬ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር።

ማር ለስኳር ታማሚ ከስኳር የተለየ አይደለም፤ ደም ውስጥ ገብቶ ያው ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው የቆጠረው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል፤ ይህም ለጤነኛው ሰው ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ይዞ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው በሻይ ብቻ 48 ግራም ወሰደ ማለት ነው። እናትህ ቁጥሩን ቁጭ ብላ ብትሰማው ይረዳታል፤ የምትጨምረው በፍቅር ስለሆነ መገሠጽ አይሠራም።

አሁን የምለውን ግን አደራ። አባትህ የሚወስዱትን ኪኒን ስም እይ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳራቸው ከልክ በታች የመውረዱ ስጋት አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ካለበት ግን የለመዱትን ስኳር በአንድ ጊዜ ሲያቆሙ ሊወርድባቸው ይችላል፤ ስለዚህ ለውጡን ለሐኪማቸው ንገሩ። በዚህም ምክንያት ስኳሩን ከቤት አታጥፉ። ድንገት ካላባቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ልባቸው ከደለቀ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ድገሙና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አትስጡ፣ ይዛችሁ ሩጡ።

ቀረፋ ስኳር ያወርዳል እየተባለ በየቦታው ይወራል። ለጣዕም ይጠጡት፤ ኪኒኑን ግን አይተካም። ገበያ ላይ የሚበዛው ወፍራሙ ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በየቀኑ በማንኪያ ዱቄቱን መዋጥ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። እትዬ እንዳሉት ስባሪ አፍልቶ መጠጣት ሌላ ነው።

እትዬ ጠባሴ፣ የጨው ነገር ግን ለአባቱ ይቅርብን። ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የደም ግፊትም ይኖርበታል።

አንድ የመጨረሻ፦ ሻይ የምግብ ብረት እንዳይዋሃድ ያግዳል፤ ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ገደማ ራቅ አድርጋችሁ ስጧቸው። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህ ለእሷም ይሠራል።

የመሐል ሜዳው

እትዬ፣ ሲስተር፣ ወንድሜም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኪኒኑን ስም አየሁት፣ ግሊቤንክላማይድ አለበት። ሲስተር ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት፤ አርባ ስምንቱን ስትሰማ አማተበች። ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ደውለን እስክንነግረው ግማሽ ግማሽ እየቀነስን እንቆያለን። የወተቱን ነገር የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ለፍስክ ቀን።

ሻይ ቤት ጠባሴ

ሲስተር ልክ ነሽ፣ ጨው ለአባቱ ይቅር።

የወተቱ ሕግ ሌላ ስለሆነ ነው ለብቻው ያቆየሁት። ሕንዶቹ ማሳላ የሚሉት ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ነው፤ እንስላል የሚጨምሩም አሉ። ቅጠሉን ከወተቱ ጋር አብረው ያፈላሉ፣ ምክንያቱም ወተት ምሬቱን ይይዘዋል፣ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ በዚህኛው ቅጠሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈላ ችግር የለም።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ ላይ ቅመሙን ከነዝንጅብሉ አስገብተህ ከ10 ደቂቃ በላይ በደንብ ይፍላ። ቁንዶ በርበሬ አራት አምስት ፍሬ ሰንጠቅ አድርገህ ጨምር፤ ለመንዝ ብርድ ጉሮሮ የሚያሞቀው እሱ ነው። ወተቱ ሁለት ብርጭቆ ሆኖ ከዚያ በኋላ ይገባል። ቅደም ተከተሉን አታዛባ፦ ጥሬ ዝንጅብል ሞቅ ካለ ወተት ጋር ከተገናኘ ወተቱን ይቋጥረዋል፤ በውሃ ቀድሞ የፈላ ዝንጅብል ግን ምንም አያደርገውም። ወተቱ ከገባ በኋላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምረህ፣ እሳቱን ዝቅ አድርገህ፣ ሊገነፍል ሲል እያነሳህ ሁለቴ ሦስቴ መልሰውና አጥልለው።

ወተት የራሱ ጣዕም ስላለው ሰው ያለ ስኳር ቶሎ የሚለምደው ይህኛውን ነው። ሲስተር ስለ ወተቱ መጠን ምን ትያለሽ?

ነርስ ከደብረ ሲና

ወተት ውስጥም የወተት ስኳር አለ፤ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ገደማ። ግማሽ በግማሽ ከሆነ በቀን አንድ ብርጭቆ አይከፋም። ግን ከሚመገቡት ጋር ይቆጠር፣ «ስኳር የለበትም» ተብሎ በላይ በላዩ አይደገም።

የመሐል ሜዳው

ገባኝ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፦ እዚህ ሱቅ የተፈጨ የሻይ ቅመም በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። እሱን ብወስድስ?

ሻይ ቤት ጠባሴ

አትውሰድ። ምን ያህል ቅርንፉድ እንደገባበት አታውቅም፣ ሽታውም ከተፈጨ ወዲህ እየበነነ ነው። ያልተፈጨውን በየዓይነቱ ግዛ። ሄል ስትመርጥ አረንጓዴውን፣ ሲወዘወዝ ውስጡ ፍሬ ያለውን ውሰድ፤ የነጣውና ቀለል ያለው ባዶ ነው። ቀረፋውን ስበርና አሽትተው፤ ሲሰበር የማይሸት ሲቀቀልም አይሸትም። ሄል ካጣህ ኮረሪማ ይሆናል፣ ግን ኃይለኛ ነው፤ ሙሉውን ሳይሆን ፈልፍለህ አምስት ስድስት ዘር ብቻ አስገባ።