ከደብረ ማርቆስ ናይሮቢ በሚኒባስ፦ በገና እንዴት ይጫን?

የማርቆስ ደርዳሪ
ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። መጋቢት ላይ ከደብረ ማርቆስ ተነስተን በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ልንሄድ ነው፤ እዚያ ላሉ ተማሪዎች በገና ለማስተማር። መኪናው ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው፤ ሰባት ሰው፣ ሁለት በገና። የትልቁ ቁመት 1 ሜትር ከ25፣ ቀንበሩ (አውታሩ የሚታሰርበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) ላይ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ገበቴው (የድምፅ ሣጥኑ) ዋንዛ፣ ቆዳው የበሬ፣ አውታሩ የበግ ጅማት። ሾፌሩ ፖርቶ መጋላ ላይ በሸራ ጠቅልለን እንሰረው ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። አውታሩ እንደተቃኘ ይሂድ ወይስ ይላላ? ኬላ ላይስ ምን ወረቀት ይጠየቃል?

ጮቄ
ወንድሜ፣ ፖርቶ መጋላውን እርሳው። ሸራ ዝናብ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይከለክልም፤ እንዲያውም ከሥሩ ያፍናል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ አየሩም በዚያው ልክ ይሞቃል። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ከአውታሩ ሥር ቆዳው ላይ የቆመውን ብርኩማ ወደ ላይ ይገፋል፤ ብርኩማው ሲገፋ የተቃኘ አውታር ይበልጥ ይወጠራል። ቀጭኑ ጅማት መጀመሪያ የሚበጠሰው በዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቋጠሮው ሥር።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አላሉት። አንዱን ጫፍ ጨርሶ ወደ ሌላው አይኬድም፤ ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እያፈራረቅህ፣ መቃኛውን በየዙሩ ግማሽ ግማሽ እየመለስክ ና። አንዱ ወገን ላልቶ ሌላው ተወጥሮ ከቆየ ቀንበሩ ምሶሶዎቹ (የተሸከሙት ሁለት የጎን እንጨቶች) ላይ ይጣመማል።

ብርኩማውን አውጣው። ይህ የግድ ነው። ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲነጥር ቆዳውን የሚበሳው ከውጭ የመጣ ነገር ሳይሆን ብርኩማው ራሱ ነው። ከማውጣትህ በፊት እግሮቹ ያረፉበትን ቦታ ቆዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ ሁለት ጣት ያህል ከተዛወረ ድምፁ ሌላ ነው የሚሆነው። እንዚራዎቹን (አውታሩና ብርኩማው መካከል ገብተው ድምፁን የሚያነዝሩትን ቁራጭ ቆዳዎች) ከ1 እስከ 10 ቁጥር በጻፍክባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ጠቅልለህ በአንድ ፖስታ ክተት። እያንዳንዱ እንዚራ ከራሱ አውታር ጋር ስለተላመደ ቢቀያየር ያ ንዝረት ቶሎ አይመለስም።

አባይ ማዶ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ማላላት ማለት መፍታት እንዳይመስልህ ብቻ ልጨምር። መቃኛው ጨርሶ ከተለቀቀ ጥምጥሙ ይፈታል፤ ጅማቱም የታጠፈበት ቦታ ይሰበራል። ብርኩማው ተንሸራቶ እስኪወጣ ድረስ አላላውና አቁም። ከዚያ የነጠላ ቅዳጅ ወስደህ አሥሩን መቃኛ ከቀንበሩ ጋር አንድ ላይ እሰራቸው፤ በመንገድ ንዝረት ብቻቸውን እንዳይዞሩ።

ሣጥን አሠሩ። ታችኛው ወለል ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ጎኖቹ ባለ 9 ቢሆኑ ይበቃል። ለትልቁ በገና ውስጡ 1 ሜትር ከ35 በ70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይገባል። ቁም ነገሩ ስፖንጁ የት እንደሚደገፍ ነው። ክብደቱ ገበቴው ጀርባና ምሶሶዎቹ ሥር ይረፍ፤ ቀንበሩ ግን ምንም ሳይነካው አየር ላይ ይቅር። ቀንበር ላይ ስፖንጅ ከተጫነ መቃኛዎቹ ይጠማዘዛሉ። ቆዳው ወደ ላይ ይዙር፤ ላዩ ላይ በስስ የታጠፈ ነጠላ እንጂ ጋቢ አታድርግ፣ ይከብደዋል።

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ጎማ በስተኋላ አታስቀምጡት፣ የሚነጥረው እሱ ነው። ከጋቢናው ጀርባም አይጠጋ፤ የሃይሩፍ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወለሉ ይግላል። መካከለኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ነቅላችሁ በርዝመቱ አጋድሙት፤ በሁለት ቀበቶ ከወለሉ ብረት ጋር እሰሩት። ምሳ ስትበሉ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፣ መስኮትም ክፈቱ። ጥላ ካልተገኘ ሣጥኑ ከእናንተ ጋር ይውረድ።

የሞያሌ መንገድ
ስለ ወረቀቱ ልመልስ።

በገናው አዲስ ቢሆንም ለዓይን የጥንት ይመስላል፤ ችግር የሚመጣውም ከዚያ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ስትደርሱ ሁለቱንም በገና ይዛችሁ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ፤ ቅርስ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡ። የሠሪው ደረሰኝና የፊትና የጎን ፎቶ ያግዛል። ሣጥኑን በምስማር አትምቱት፤ በብሎንና በማጠፊያ ይዘጋ፤ በየቦታው ክፈቱ መባሉ አይቀርም።

ሞያሌ ላይ ለጉምሩኩ ተመልሶ የሚገባ ዕቃ መሆኑን ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ፤ ብዛቱ፣ ልኩ፣ ከምን እንደተሠራ ይጻፍ፣ ማኅተም ይረፍበት። ይህ ከሌለ ስትመለሱ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ቀረጥ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የጋራ የድንበር ኬላው በ2013 ዓ.ም. ስለተመረቀ የሁለቱ አገር ሠራተኞች ያሉት አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ለመኪናው ሊብሬ፣ የታደሰ ቦሎ፣ ባለቤቱ አብሯችሁ ከሌለ ውክልና ያስፈልጋል። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ከኢንሹራንሳችሁ ጠይቁ፤ የሦስተኛ ወገን ሽፋኑ ኬንያም ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ፤ ሁለቱን ቢጫ ካርዶች አታምታቷቸው።

ከድንበሩ ወዲያ መንገዱ በግራ ነው። መሪያችሁ በግራ ስለሆነ ሾፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ የፊቱ አይታየውም። ጋቢና የሚቀመጠው ሰው እንዳያንቀላፋ፣ «ና» እና «ቆይ» የሚለው እሱ ነው። በሌሊት አትንዱ።

የማርቆስ ደርዳሪ
እግዜር ይስጥልኝ። ናይሮቢ እንደገባን በማግሥቱ ትምህርት አለ። ያን ዕለት መቃኘት ይቻላል? አውታር ቢበጠስስ?

አባይ ማዶ
መጋቢት ናይሮቢ ዝናብ የሚጀምርበት ወር ነው፤ ከሰሜን ኬንያው ማርሳቢት ቆላ ደረቅ አየር በአንድ ቀን ወደ እርጥበት ትገባላችሁ። ሣጥኑን ቤት አስገብታችሁ ክዳኑን ብቻ ከፈት አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ቆዳውን በጣትህ መታ መታ አድርገው፤ ድምፁ ድፍን ከሆነ ገና እንደላላ ነው ማለት ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ እሳት አታስጠጋው። ከዚያ ብርኩማውን በጠመኔው ምልክት መልሰህ ከምትፈልገው ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኘው። ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ከፍ አድርገው። በአንድ ጊዜ ላድርሰው ካልክ ይበጠሳል። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት በትንሹ በገና ጀምሩ፤ እሱንም ቢሆን ዝቅ ባለ ቅኝት።

መጠባበቂያ ጅማት ለእያንዳንዱ በገና ቢያንስ አራት ያዝ፤ ሁለት ቀጭን፣ ሁለት ወፍራም፤ ደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ። እሱም ካለቀ በተለመደው አደራደር ለጣት ማረፊያ ብቻ ከሚያገለግሉት አውታሮች ውፍረቱ የሚቀራረበውን አንዱን ፈትተህ በተበጠሰው ቦታ ግጠመው፤ ማረፊያው ላይ ናይለን ብታስርበት ድምፁን አይጎዳም።