ቤታችን ከ65 ዴሲቤሉ የአውሮፕላን ጩኸት መስመር ውጭ ነው፤ ለማን ላመልክት?

ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ሕግ የምታውቁ፣ ግራ ገብቶኛል። የምንኖረው ሲታክ ከተማ፣ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው በሚያልፉበት ሥር ነው። ቡና ስናፈላ እንኳ ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፉ እንጠብቃለን።

ለመስኮት የድምፅ መከላከያ ላመለክት ብዬ መጀመሪያ የጩኸቱን ካርታ አየሁ። የፌዴራሉ መለኪያ የቀንና የሌሊቱ አማካይ 65 ዴሲቤል ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ለሚያልፍ በረራ 10 ዴሲቤል ይታከልበታል። ይህን መጠን በካርታው ላይ የሚያሳየው መስመር ከቤታችን ሁለት መንገድ ወዲያ ቀረ፤ እኛም ከመከላከያው ውጭ ሆንን። ጩኸቱ ግን አልቀረም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የዋሽንግተን ስቴት የአካባቢ ፍትሕ ሕግ፣ ሂል አክት የሚሉትን፣ አነበብኩ። ተስፋ አድርጌ ነበር። ግዴታ የጣለው ግን በሰባት የስቴት መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው፤ ትራንስፖርትና ጤና አሉበት፣ አውሮፕላን ማረፊያውን የሚያስተዳድረው የሲያትል ወደብ ግን ከሰባቱ አንዱ አይደለም።

የልጄ የአስም ማስረጃና የሁለት ወር የሌሊት በረራ መዝገብ በእጄ አለ። ይህን ይዤ፣ ሂል አክትን ጠቅሼ ማመልከት የምችለው ከሰባቱ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?