ኬሪቾ «ባዶ መሬት» ነበር?

ሊቀ ሙግት፦ ትናንት የኬንያን ሻይ ሲያወድስ የዋለው ወንድማችን «የእንግሊዝ የሻይ ኩባንያዎች ሲገቡ የኬንያ ሻይ አገር የሆነው ኬሪቾ ባዶ መሬት ነበር» ብሎን ሄደ። ባዶ! እንግሊዝ የጎጆ ግብር የሰበሰበው ከዝንጀሮ ነው እንግዲህ?

ሻይ ለብቻ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሸሁም። ባዶ ስል ሻይ ያልነበረበት ማለቴ ነው። ከችግኝ እስከ መጀመሪያው ለቀማ 3 ዓመት ያህል ገንዘብ እያፈሰሱ መጠበቅ አለ። ቅጠሉ ተለቅሞ በጥቂት ሰዓት ፋብሪካ ካልገባ ጆንያው ውስጥ ይግልና ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም። 1 ኪሎ ደረቅ ሻይ ከ4 ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ይበላል። መንገዱንና ፋብሪካውን ማን ይሠራው ነበር?

ደጋማው፦ ሻይ ያልነበረበት ሁሉ ባዶ ከሆነ መርካቶም ባዶ ነው።

ቆጠራ፦ መጀመሪያ በሰፊው የገባው ሻይም አይደለም፣ ተልባ ነው፤ ለዘሩ ሳይሆን ለቃጫው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አካል ጉዳተኛ ለሆኑ የእንግሊዝ መኮንኖች 25,000 ኤከር ተሰጠ። የተልባ ዋጋ ወደቀ፣ ማኅበራቸው ፈረሰ። የሻይ ኩባንያዎቹ ብሩክ ቦንድና ፊንሌይ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ያ መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ የአገሩን ነዋሪዎች ኪፕሲጊሶችን የጠየቀ የለም።

ሻይ ለብቻ፦ ኪፕሲጊስ ከብት አርቢ ነው፣ ደኑን አያርስም ነበር።

ሊቀ ሙግት፦ እዚያው ጎን በበሬ አርሶ በቆሎ ለሻይ እርሻው ሠራተኞች የሸጠው ማን ነው ታዲያ? ለቀማውን ንቆ ለሉኦና ለኪሲ የተወውስ? «ባዶ» ሲሉህ አትቀበል፤ የግጦሽ መሬት ከብቱ ወደ ሌላ ሲዛወር ባዶ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ግዋሲ፣ የገንዲ ዝንብ ወዳለበት ቆላ የተጋዙት 700 ያህል የኪፕሲጊስ ታላይ ጎሳ ሰዎችስ ከባዶ መሬት ነው የተነሡት?

ቆጠራ፦ እዚህ ጋ አትደባልቅ። ታላዮች የተጋዙት ለሻይ ተብሎ ሳይሆን መንፈሳዊ መሪዎቻቸው አመፅ ያነሣሣሉ ተብሎ፣ ለእነሱው በወጣ አዋጅ ነው።

ሊቀ ሙግት፦ አመፁ ስለ ምን ነበር? ስለ ቡና ስኒ?

ሻይ ለብቻ፦ ዛሬ የኩባንያዎቹን እርሻ ለገበሬ ብትቆራርጡት ፋብሪካው ምን ይፈጫል?

ደጋማው፦ ከኬንያ ሻይ ከግማሽ በላዩ የአነስተኛ ገበሬ ነው! ቅጠሉ መቀበያ ጣቢያ ይመዘናል፣ መኪና ያነሣዋል፣ ፋብሪካ ይገባል። ገበሬው ያልተከለው ስላልቻለ ሳይሆን እስከ 1950ዎቹ ስላልተፈቀደለት ነው።

ሻይ ለብቻ፦ ጥራቱስ? «ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ» በየ7 እስከ 10 ቀኑ ዙር ጠብቆ የሚለቅም ስንቱ ነው? ዙሩ ሲዘገይ ቅጠሉ ይጠነክራል።

ቀጭን ዙር፦ ስለ ጥራት ካነሣህማ የመልቀሚያ ማሽኑን ያስገቡት ኩባንያዎችህ ናቸው። ማሽን አይመርጥም፣ ያረጀ ቅጠልና ግንድ አብሮ ያጭዳል። በ2023 ኬሪቾ ላይ የተቃጠለውም እሱ ነው፤ የስንት ለቃሚ እንጀራ ስለበላ።

ሻይ ለብቻ፦ ማቃጠል መፍትሔ ነው?

ቆጠራ፦ ወደ መሬቱ እንመለስ። በ1915ቱ የቅኝ ገዢው ሕግ የእርሻ መሬት ሊዝ 999 ዓመት ነበር። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት ለውጭ ዜጋ 99 ብሎ ቆረጠው። አሁን የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ጠብ ሊዙ ሲያልቅ መሬቱ ለማን ይገባል ነው።

ሻይ ለብቻ፦ 99ም ቢሆን ውል ነው።

ደጋማው፦ አዎ፣ ከባዶ መሬት ጋር የተፈረመ።