ደመወዝ ወሩን አያደርሰኝም፤ በሳምንት ከፋፍሎ መያዝ የሚችል አለ? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ፦ የሳቢያን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ብቻዬን ነኝ። ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 14,000 ብር ነው። 4,500 ለቤት ኪራይ ይሄዳል፣ 1,500 ለእናቴ እልካለሁ። የሚቀረኝ 8,000 ነው። ወሩ ሳይጋመስ ግን ኪሴ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ነው። ደመወዝ ሲወጣ ደግሞ የባለሱቁ ደብተር ይቀድመኛል።

"በጀት አውጣ" እንዳትሉኝ። የወር በጀት አውጥቼ አልጸናልኝም። በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ነገር እያስተካከልኩ መሄድ ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር? ቅዳሜና እሁድ በርጫ አለ፣ እሱን አልደብቅም።

መልስ፦ እናት ከቀፊራ

ልጄ፣ ከዱቤው ጀምር። እኔ ቀፊራ ሽንኩርት ሻጭ ነኝ። በዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ እንዴት ብሎ ይከራከራል? ከሚቀርበው ሱቅ ሩብ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ እያለ ይወስዳል። እዚያ ነው ብሩ የሚያልቀው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ምንም አትንካ። ባለሱቁን "ስንት ደረሰብኝ?" ብለህ ድምሩን እወቅ፣ ስልክህ ላይ ጻፈው። ከዚያ "በየቅዳሜው 200 ብር እሰጥሃለሁ፣ አዲስ ዱቤ ግን አልወስድም" በለው። በወሩ መጨረሻ ከሚጨቃጨቅህ እሱም ይሻለዋል።

በሁለተኛው ሳምንት አስቤዛህን ከገበያ በጥሬ ብር ግዛ። ሽንኩርት፣ ድንችና ምስር የሳምንቱን አንዴ ያዝ። ቲማቲም ግን የሁለት ሦስት ቀን ብቻ፤ በዚህ ሙቀት አይቆይልህም።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛው

የእናታችን ምክር ትክክል ነው። ቁጥሩን እኔ ልጨምርበት። ወሩን ተወውና ለራስህ የሳምንት ደመወዝ ክፈል። ብሩ ባንክ ይቀመጥ። ሰኞ ሰኞ 1,700 ብር ብቻ ወደ ቴሌብር አዙር፣ ለምግብም ለባጃጅም ለሻይም እሱ ነው። አራት ሳምንት 6,800 ይሆናል። 1,200 ይተርፋል። 800 ለዱቤው፣ 400 ለቀሩት ሁለት ቀናት። ወር 30 ቀን ነው፣ አራት ሳምንት 28። ብዙ ሰው የሚዘነጋት እነዚህን ሁለት ቀናት ነው።

ዱቤው ሲያልቅ የሳምንቱ 200 እንዳይቆም። በዚያው ቀን ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ይሂድ። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ ሆድ ግን አላት፤ እንቁጣጣሽም ከኋላዋ ነው።

መልስ፦ አቦ ድሬ

አቦ! ዋናውን ሰው ሁሉ ፈርቶ አለፈው። ወንድሜ፣ ጫት ተው አልልህም፣ እኔም አልተውኩም። ግን አጃቢውን ቁጠር። ለስላሳው፣ ኦቾሎኒው፣ ሲጃራው፣ ቀዝቃዛ ውሃው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በኮንትራት ባጃጅ ወደ ቤት። አንዳንዴ ከጫቱ ይበልጣል ወላሂ። ውሃውን ከቤት አቀዝቅዘህ ያዝ፣ ጊዜ ሳይመሽ ከሰው ጋር በሚጫነው ባጃጅ ተመለስ። ከሁለቱ ቀን አንዱን መቀነስ ለሌላ ሳምንት ይቆይህ።

መልስ፦ ገንደ ቆሬ

እቁብ ግባ፣ አለቀ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ሰው ታፍራለህ። ባንክ ያለውን ብር ማታ በስልክህ ታወጣዋለህ፤ የእቁብን አትነካውም።

መልስ፦ ሐረሬዋ

እኔ ሐረር ነኝ፣ እቁብም እጥላለሁ። ግን ዱቤ ያለበት ሰው በሳምንት ትልቅ እቁብ ቢገባ ለመጣል ሌላ ይበደራል። መጀመሪያ ዱቤው ይለቅ። ከዚያ ትንሽ እቁብ፣ የምታውቃቸው ሰዎች ያሉበት፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ የሚጠራበት ይሁን። ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢደርስህ ደግሞ ብሩ ዋጋው ቀንሶ ነው የምታገኘው፣ ይህንንም እወቅ።

ወለድ የማትፈልግ ከሆነ ወለድ አልባ የቁጠባ ሒሳብ በብዙ ባንኮች አለ፤ ሂጅራና ዘምዘም ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዚሁ የሚሠሩ ናቸው።

ጠያቂ፦ የሳቢያን ልጅ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ባለሱቁን አነጋግረዋለሁ። እርስዎ እንዳሉት ድምሩን እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። አቦ ድሬ፣ ባጃጁን እንዴት አወቅከው? አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። 1,700ው ሐሙስ ላይ ቢያልቅስ? ቴሌብር ላይ ብር ሲጎድል የሚሞላ "እንደኪሴ" የሚባል ብድር አለ፣ እሱን ብጠቀም?

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛው

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐሙስ ላይ ማለቁ አይቀርም፣ አትደንግጥ። እንደኪሴን ግን አትልመደው። ክፍያ አለው፣ ዱቤውን ከባለሱቁ ደብተር ወደ ስልክህ ማዛወር ነው። ይልቅ ከሚቀጥለው ሳምንት ብርህ ላይ ቢበዛ 200 ውሰድ፣ ሰኞ 1,500 ብቻ አዙር። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጎደለብህ 1,700ው ላንተ ትንሽ ነው ማለት ነው። ያኔ የዱቤውን ክፍያ ወደ 150 አውርደህ የሳምንቱን 1,750 አድርገው። ከባለሱቁ ጋር ግን አስቀድመህ ተነጋገር፣ ቅዳሜ ሲጠብቅህ እንዳትጠፋበት።