ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ራም ራሴ ልጨምር ነበር፤ የቱን ልግዛ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ዴስክቶፕ አለ። ራሙ (ሚሞሪው) 4 ጊጋ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ልጄ ክሮም ላይ ትምህርቷን ከፍታ፣ እኔ እናቷ ደግሞ የሱቄን ሒሳብ በኤክሴል ስከፍት ስታክ ያደርጋል። ባለ 8 ጊጋ ራም ገዝቼ ራሴ ልግጠም ብያለሁ። አንድ ሱቅ ዲዲአር4 የሚባል የራም ዓይነት አሳይተውኝ ይሆንሻል አሉኝ። እውነት ይሆናል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እንዳትገዢው! በፈረንጆች 2012 የወጣው የድሮው 7010 ከሆነ የሚቀበለው ዲዲአር3 ብቻ ነው። ዲዲአር3 240 ፒን (የመገናኛ ነጥብ) አለው፤ ዲዲአር4 ደግሞ 288። ከሥር ያለችው ክፍተትም ቦታዋ ይለያያል። በግድ ከተጫንሽው ማዘርቦርዱን (ዋናውን ሰሌዳ) ታበላሺዋለሽ። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ ወዲያው ትለዪዋለሽ። የሚያሳስተው የሰርቨር (የትልልቅ ድርጅት ኮምፒውተር) ራም ነው። ቁመቱ ከዴስክቶፑ ራም እኩል ነው፤ ግን ያንቺ ኮምፒውተር በሱ አይነሳም። ተለጣፊው ላይ ፒሲ3-12800 (PC3-12800) ካለ በኋላ የሚመጣውን ፊደል እዪ። "ዩ" (U) ከሆነ ውሰጂ፤ "አር" (R) ከሆነ ተይው።

መልስ 2፦ ከመግዛትሽ በፊት ዊንዶውሱ ስንት ቢት እንደሆነ አረጋግጪ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ታገኚዋለሽ። 32 ቢት ከሆነ የፈለግሽውን ያህል ብትጨምሪ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። አየሁት፣ 64 ቢት ነው። አገጣጠሙስ ከባድ ነው?

መልስ 3፦ ከባድ አይደለም፣ አይዞሽ። ኮምፒውተሩን አጥፊና ገመዱን ከሶኬት ንቀይ። የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ኬዙን ከፍተሽ ራሙን ከመያዝሽ በፊት የኬዙን ብረት ንኪ። ሰውነታችን ላይ ያለ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ይህን አትዝለዪው። የስሎቱን (ራሙ የሚገባበትን ቦታ) መያዣ ወደ ውጭ ክፈቺ፣ ክፍተቷን አስተካክለሽ አስቀምጪው፣ በሁለት አውራ ጣትሽ ጫፍና ጫፉን ተጫኚ። መያዣው ራሱ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ገብቷል ማለት ነው። አሮጌውን አታውጪው፤ ሁለቱ ተደምረው 12 ጊጋ ይሆንልሻል። መጀመሪያ ስታበሪው ሚሞሪው ተቀይሯል የሚል ጽሑፍ ቢመጣ አትደንግጪ፤ ኤፍ1 ተጭነሽ እለፊ።

መልስ 1፦ እንቢ ካለ ደግሞ ገመዱን መልሰሽ ነቅለሽ አሮጌውን አውጪና አዲሱን ብቻውን ሞክሪው። በአዲሱ ብቻ ከተነሳ ሁለቱ አልተስማሙም ይሆናል። ስለዚህ ስትገዢ ካልሠራ እንደሚቀይሩልሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ።