ለእንጨት መቅረዝ የሚሆን የብረት ሻማ መሰኪያ፦ አዳማ ላይ የት ይገኛል? ማንስ ይሠራዋል?

ይህ ጥቆማ አዳማ ውስጥ በእንጨት ቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ በሚያስቀርጸው ማሽን) መቅረዝ ለምትሠሩ ነው። እንጨቱ አምሮ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። ሻማው የሚቆምበት ትንሽዬ የብረት መሰኪያ ግን የለም። ባለሱቁን ብትጠይቁት ግራ ይገባዋል። ከውጭ እናስመጣ ብትሉ የዶላሩ፣ የጉምሩኩና የጥበቃው ነገር አለ። እኔም ይሄው ሥራ ላይ ስላለሁ ከተማዋ ውስጥ ያሉትን አማራጮች አይቻለሁ። የትኛው ለማን እንደሚሆን የመሰለኝን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረግጥ። ያለ ብረት መሰኪያ የእንጨት መቅረዝ ባትሸጡ እመርጣለሁ። ሻማ ሊያልቅ ሲል ክሩ ይወድቅና በቀለጠው ሰም ውስጥ ይነዳል። ያኔ በነበልባሉና በእንጨቱ መሃል ምንም የለም። ሰም የጠጣና ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ለመያያዝ ጊዜ አይወስድበትም። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርቶ እንቅልፍ ይዞት የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የምትሸጡት ዕቃ ልጆች የተኙበት ቤት ይገባል።

ሌላው የመጀመሪያ ሥራ ሻማ መግዛት ነው። ከብረቱ በፊት ሻማውን ያዙ። ከውጭ የሚመጡት ረጃጅም የጌጥ ሻማዎች እግራቸው አብዛኛውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በኢንች 7/8 የሚባለው ነው። ሱቅ የሚሸጠው ነጭ ሻማ ከዚህ ይቀጥናል። ከፋብሪካ ፋብሪካም ይለያያል። ስለዚህ ደንበኛችሁ የትኛውን እንደሚያበራ ጠይቁ፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዛችሁም ለኩ። ጧፍ ለሚያበራ ሰው ይህ መሰኪያ አይሆነውም፤ ጧፉ ቀጭን ስለሆነ ይወላገዳል። ለእሱ ሰፋ ያለ የብረት ጽዋ አድርጉና ውስጡን አሸዋ ሙሉት።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

ፈጣኑ መንገድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነው። የብረት ቱቦ ጫፍ የሚዘጋበት ክዳን አለ፤ ውስጡ ጥርስ ያለው። የ1/2 ኢንች ክዳን ስትገዙ ቁጥሩ የቱቦው መጠሪያ እንጂ የቀዳዳው ስፋት እንዳልሆነ እወቁ። የ1/2 ኢንቹ ከጥርስ እስከ ጥርስ ሲለካ 18.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ3/4 ኢንቹ 24.1 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሻማችሁ 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ የ1/2 ኢንቹ ልክክ ይላል። እንዲያውም ሻማውን እያዞራችሁ ስታስገቡት ጥርሱ ሰሙን ነክሶ ይይዘዋል። ለ22 ሚሊ ሜትሩ ሻማ ግን 1/2 ኢንቹ ይጠብበዋል፣ 3/4 ኢንቹ ይሰፋዋል። ወረቀት ጠቅልሎ ማጥበቅ የሚታሰብ አይደለም፤ እሳቱ ሥር ማገዶ ማስቀመጥ ነው።

ክዳኑ ሁለት ችግር አለበት። ጥርሱ ውስጥ የገባ ሰም ለማጽዳት ያስቸግራል። የእንጨቱን አፍ የሚሸፍን ጠርዝም የለውም። ጠርዝ ይኑረው ብላችሁ ሳህን ልታስበይዱበት ካሰባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የውሃ ቱቦ ዕቃ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊያስይዘው ይችላል። ልባጩ ተፍቆ ሳይነሳ አይበየድ። ቱቦ ቆርጦ እንዲሁ መክተትንም አልመክርም፤ ታቹ ክፍት ስለሆነ እሳቱ ከእንጨቱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በአጭሩ፣ ክዳኑ ለራስ ቤት ይሆናል። ለሚሸጥ ዕቃ ግን አይን አይሞላም።

ብዛት ለሚፈልግ ሰው የማስቀድመው ቆርቆሮ ሠሪዎቹን ነው። ገበያው አካባቢ ኩራዝ፣ ምድጃና ሣጥን የሚሠሩትን ታውቋቸዋላችሁ። ኩራዝ የሚሠራ እጅ የሻማ መሰኪያ አያቅተውም። ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል፣ ሥራውም ቶሎ ይደርሳል። ለሠርግ አዳራሽ ወይም ለሆቴል ብዙ መቅረዝ የታዘዘ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ነገር ግን ስታዙ የምትሉትን እወቁ። መጋጠሚያው በማጣጠፍ ይያዝ እንጂ በእርሳስ አይጣበቅ። የተለመደው የመበየጃ እርሳስ 190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይደርስ ይቀልጣል። ሻማው አልቆ እሳቱ ሥር ሲወርድ መጋጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። ጠርዙም ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ያልታጠፈ ቆርቆሮ ጣት ይቆርጣል። ቀለም ያለው ጣሳ ከሆነ ቀለሙ ሲግል ይሸታል፣ ስለዚህ ንጹህ ላሜራ ምረጡ።

የቆርቆሮ ሥራ ትልቁ ጣጣ ልኩ ነው። አንድ ቦታ ያሠራኋቸው መሰኪያዎች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም ነበር። አንዱ ሻማውን አላስገባ ይላል፣ ሌላው ውስጥ ሻማው ይዋልላል። መፍትሔው በእናንተው እጅ ነው። ቶርኖው አላችሁ። ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የሻማውን ልክ የያዘ ቅርጽ አውጡ። ከላይ 22.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ወደ ታች በጥቂቱ ይጥበብ። ባለሙያው ላሜራውን በእሱ ላይ ይጠቅልለው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ልክ ይወጣሉ። ይህን ቅርጽ ሳትይዙ ቆርቆሮ ቤት አትሂዱ።

ጥራት ለሚፈልግ ሰው አዳማ የታደለች ናት። ምክንያቱ መኪናው ነው። ከተማዋ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች ከባድ መኪና አይታጣባትም። ከባድ መኪና ባለበት ጋራዥ አለ፣ ጋራዥ ባለበት የብረት ቶርኖ አለ። ቶርኖ ቤቶቹ ከነሐስ የሚቆረጥ ቡሽ ሲሠሩ ይውላሉ። የመኪና ቡሽ ማለት ደግሞ መሃሉ ክፍት የሆነ ወፍራም የነሐስ ቀለበት ነው። ለሻማ መሰኪያ ግማሹ ሥራ አልቆ ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

እንዲህ አድርጉ። ጋራዥ ሄዳችሁ፣ «ወንድሜ፣ የተበላ የነሐስ ቡሽ አለህ?» በሉ። ቁርጥራጭ በኪሎ ከሚገዙት ነጋዴዎች ዘንድም ይገኛል። ሁለት ነገር ለዩ። አንዳንዱ ቡሽ ጀርባው ብረት ሆኖ ውስጡ ብቻ ቀጭን ነሐስ ነው፤ እሱ ለቶርኖ አይሆንም፣ ሲቆረጥ ያልቃል። ሌላው ደግሞ ከዱቄት ተጨምቆ የተሠራና ዘይት የጠጣ ነው። ይህኛው ሲሞቅ ዘይቱን ያወጣና እንጨታችሁን ያበላሻል። እሳት ላይ ትንሽ አሙቃችሁ እዩት። ዘይት ካወጣ ተዉት። በርከት ያለው የቡሽ ነሐስ እርሳስ አለበት፤ ብናኙን አትተንፍሱ፣ ከነካችሁት በኋላም ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።

ለቶርኖ ባለሙያው የምትሰጡት ልክ ይህ ነው። የውስጡ ስፋት ለ22 ሚሊ ሜትር ሻማ 22.5 ይሁን። ጥልቀቱ 25። ግድግዳው 1.5 ይበቃል። ከላይ ወደ ጎን የሚወጣ ጠርዝ ይኑረው፣ ጠቅላላ ስፋቱ 38 ወይም 40 ይሁን። ታቹ ዝግ መሆን አለበት። ቡሽ ክፍት ስለሆነ የነሐስ ክብ ሳህን ጠብቆ እንዲገባበት አድርጉ፣ መሃሉም ላይ የብሎን ቀዳዳ ይበሳ። ወረቀት ላይ ሥሉት፤ ሻማውንም ይዛችሁ ሂዱ። በቃል ብቻ ያዘዘ ሰው የሚያገኘው ባለሙያው የገመተውን ነው።

25 ሚሊ ሜትር ጥልቀትና ሰፊ ጠርዝ ያልኩት ስለ አዳማ አየር ነው። ሙቀት ሲበረታ ሻማ ይለሰልሳል፣ ጥልቀት የሌለው መሰኪያ ውስጥ ያለው ሻማም ያዘነብላል። ነፋሱንም ታውቁታላችሁ። ከከተማዋ አጠገብ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51 ሜጋ ዋቱም ባለ 153 ሜጋ ዋቱም፣ እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። መስኮት ተከፍቶ ሻማ ሲነድ በአንድ ጎኑ ይንጠባጠባል። ጠርዙ ሰፊ ከሆነ ያንን ይቀበላል።

ዋጋ ስትነጋገሩ የጉልበቱንና የነሐሱን ለይታችሁ ጠይቁ። ነሐሱን ራሳችሁ ካመጣችሁ የምትከፍሉት ለጉልበት ብቻ ነው። የቶርኖ ባለሙያ ማሽኑን አንዴ ካስተካከለ በኋላ ተከታዩ ይቀለዋልና ሁለት ሦስት ብቻ ከማሠራት ሰብሰብ አድርጋችሁ ብታሠሩ ያዋጣችኋል። በማኅበር ተደራጅተው ሼድ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶችንም ጠይቁ፤ ከጋራዥ ሥራ ጫና ነፃ ስለሆኑ ለትንሽ ሥራ ጊዜ ይሰጣሉ።

ንዋየ ቅድሳት መሸጫዎችን ለሚያነሱ፣ አዎ፣ እዚያ ሙሉ የነሐስ መቅረዝ አለ። አንዳንዱ አናቱ በጥርስ ስለሚፈታ መሰኪያውን ለብቻው መውሰድ ይቻላል። ግን ለአንዲት መሰኪያ የሙሉ መቅረዝ ዋጋ መክፈል ለስጦታ ካልሆነ አያዋጣም። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ያገለገለ ብረት የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ መሄድም አለ። ብዙ ብረት በአንዴ ለሚገዛ ሰው መንገዱ ቅርብ ነው። ለጥቂቱ ግን የአዳማ ጋራዥ ይበቃል።

መሰኪያው ከተገኘ በኋላ አገጣጠሙ አለ። የእንጨቱን ቀዳዳ ከመሰኪያው በግማሽ ሚሊ ሜትር አስፉት፤ ዋንዛም ሆነ ግራቪሊያ በደንብ ካልደረቀ ይኮማተራል፣ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ደግሞ ብረቱን አቅፎ ይሰነጠቃል። ኮላ አልመክርም። ሙቀት ያለሰልሰዋል። በመሰኪያው ታች ባለው ቀዳዳ በኩል በአንድ አጭር ብሎን ከእንጨቱ ጋር እሰሩት። ሰም ሲጠራቀም ብሎኑን ፈትቶ መሰኪያውን ብቻ የፈላ ውሃ ውስጥ መክተት ነው፤ እንጨቱ ውሃ አይነካውም። የነሐሱ ወዝ ከጠፋ ሎሚና ጨው ይመልሰዋል።

ከመሸጣችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ፈትኑ። ሻማ ሰክታችሁ እስኪያልቅ አንድዱ፣ አጠገቡም ሁኑ። ሲጠፋ ወዲያው ጠርዙ ሥር ያለውን እንጨት ዳሱት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ወይም ቫርኒሹ ከተላጠ ጠርዙን አስፉ፣ ወይም በመሰኪያውና በእንጨቱ መሃል ክፍተት ጨምሩና ደግማችሁ አንድዱ።

ማጣጠፍ የሚችል ጎበዝ ቆርቆሮ ሠሪ የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልን። እሱ ነው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ።